ውሃው ጉልበቱ ላይ ነበር

ፎቶዎቼ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ሰው ሲያያቸው፣ አንዲት ወጣት ልጅ ቀረብ ብላ፣ «አባባ፣ ይሄ ሁሉ ወንዝ ፎቶ ሲነሳ አንድ ሰው እንኳ የለበትም። አገሩ ሰው አልቆበታል እንዴ?» አለችኝ። አፏ አያርፍም። እኔም እንደ ልማዴ፣ «ብርሃኑ አልመች ብሎኝ ነው» አልኳት። ሳቀችና ሄደች። ዕድሜ ልኬን ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው ይህንኑ ነው። ዓባይን ሳነሳም፣ ተከዜን ሳነሳም፣ ኋላ መንግሥት ለሥራ ውጭ አገር ሲልከኝ በሰው አገር ድልድይ ላይ ተደፍቼ ወንዛቸውን ሳነሳም፣ ሰው እስኪያልፍልኝ ቆሜ እጠብቃለሁ። አንዴ አንድ ፈረንጅ ዓሣ አጥማጅ ከቦታው አልነሳ ብሎ ግማሽ ቀን አስቁሞኛል። እሱ ዓሣውን፣ እኔ የሱን መሄድ ስንጠብቅ ዋልን።

ብርሃኑ አልመች ብሎኝ! ውሸት ነው። ውሸት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ወንድሜን የገደልኩበት ቃል ነው። እንግዲህ አርጅቻለሁ፣ የነፍስ አባቴም ሞተዋል፣ ልጻፈው።

እኛ የአሻጋሪ ቤት ነን። ቤታችን ከደብረ ታቦር ወደ እብናት ሲወረድ፣ ከርብ ወንዝ ማዶ ነበር። አባቴም፣ የአባቴም አባት፣ ሰውና ከብት በማሻገር የኖሩ ናቸው። አሻጋሪ ማለት ዋና የሚችል ማለት ብቻ አይደለም፤ ዋናማ ውሻም ይችላል። አሻጋሪ የውሃውን ሆድ ያውቃል። ርብ በየክረምቱ ጠጠሩን ይገለብጠዋል፤ አምና ያሻገረህ ቦታ ዘንድሮ ይውጥሃል። ስለዚህ መስቀል አልፎ ውሃው ጎደል ሲል፣ አሻጋሪው ረጅም ዘንጉን ይዞ ይገባና እየወጋ፣ እየረገጠ፣ የዓመቱን መሻገሪያ ይፈልጋል። ሲያገኘው በወዲህም በወዲያም ዳር ነጭ ድንጋይ ያቆማል። አገር የሚሻገረው ከዚያ በኋላ ነው።

አባቴን የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ ያው ርብ ወሰደው። የሰው በሬ አወጣለሁ ብሎ ገብቶ በሬው ወጣ፣ እሱ ቀረ። ሬሳውን በሦስተኛው ቀን ከታች አገኙት፤ ሲያወጡት አይቻለሁ፤ ባላየሁ። ከዚያ ወዲህ ውሃ አልገባም። ጠበል እንኳ ሲረጩኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

በስምንት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ግን በዚያው ዓመት የአባቴን ዘንግ አንስቶ ገባ። አያ ነበር የምለው። «የአሻጋሪ ልጅ ሆኖ ውሃ የሚፈራ፣ የጅብ ልጅ ሆኖ ሥጋ የሚጠየፍ!» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ሲያሻግረኝ ግን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ነው፤ መሀል ላይ ሲደርስ ደግሞ ታች እንዳላይ ወሬ ይጀምርልኛል። የማን ላም ወለደች፣ የማን ሚስት ኮበለለች። ጢም አውጥቼም በትከሻው ነበር የምሻገረው። አገር ይስቃል፣ እሱ ምን ግዱ! ወሬው ሳያልቅ ማዶ ያወርደኛል።

ጣሊያን ገብቶ ደብረ ታቦር ላይ ሲሠፍር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ለቅስናም ለእርሻም ሳልሆን ቀርቼ በቅሎ ስጭን እኖራለሁ። መንገድ የሚቀይስ መሐንዲስ መጣ። ድልድይ የሚሠራበትን ለመምረጥ የአገሩን ወንዝ ሁሉ ፎቶ ማንሳት ነበረበት። ወንዞቹን የሚያውቅ ጫኝ ሲፈልግ እኔን ጠቆሙት፤ ሄድኩ። ማን አስገደደህ ብትሉኝ፣ ማንም። ሆዴ ነው። ሰው «ባንዳ» ሲለኝ እንዳልሰማ ሆኜ አልፋለሁ፤ መስማቱን ግን ደህና አድርጌ እሰማ ነበር።

መሐንዲሱ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ፤ ይቆጡ። አጭር፣ መላጣ፣ ወባ የጨረሰው ሰው ነበር። አማርኛ እየሰበረ ይናገራል፣ ከሚናገረው የሚሰማው ይበልጣል። ደረት ኪሱ ውስጥ ያገሩን ወንዝ ፎቶ ይዞ ይዞር ነበር፤ ሲከፋው አውጥቶ ያየዋል። እኔንም አሳይቶኛል፤ ሰፊ ውሃ፣ በዳሩ የተደረደሩ ዛፎች፣ ሰው የለበትም። ወባው ሲነሳበት እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ማንሳቱንም፣ ፊልም ማጠቡንም አስተማረኝ።

ጨለማ ቤታችን ከሠፈሩ ጀርባ ያለች ጎጆ ነበረች። ቀዳዳዋን በጭቃ ደፍነን፣ በሯን በሁለት ብርድ ልብስ ጋርደን፣ ቀይ ፋኖስ ሰቅለን በቀትር እናጨልማታለን። ፊልሙን መድኃኒቱ ውስጥ ስትነክረው መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ይመጣል። ከዚያ አድርቀህ፣ ወረቀት ላይ ገጥመህ ፀሐይ ስታሳየው ተመልሶ ይገለበጥና ሰማዩ ሰማይ፣ ድንጋዩ ድንጋይ ይሆናል።

ወደድኩት። ምን ልደብቅ፣ ክፉኛ ወደድኩት። ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት ውሃ መዳፌ ላይ ተኝቶ፣ አይጮህብኝ፣ አይወስደኝ። በገሳይ በኩል ያሉትን ጅረቶች አነሳን፣ ጉማራን አነሳን፤ እኔም ሳልረጥብ ወንዝ የተሻገርኩ መሰለኝ። መጨረሻ ላይ ርብ ደረሰ።

ወሩ ኅዳር ነበር። መሐንዲሱ ወንዝ ሲያነሳ ሁልጊዜ አንድ ሰው ውሃው ውስጥ ያቆማል፤ ጥልቀቱ በሰው ነው የሚታወቀው። ቁርጭምጭሚት ነው፣ ጉልበት ነው፣ ወገብ ነው፣ ከፎቶው ላይ ይነበባል። ሌላ ጊዜ ከጫኞቹ አንዱ ይገባ ነበር። የርብ ዕለት ግን፣ «ይሄ የሱን አባት የበላ ወንዝ ነው፣ እሱ ራሱ ይግባ» ብለው ወደ እኔ ጠቆሙ። ቀልዳቸው ነው። አልሳቅኩም፣ አልገባሁምም። አያ ከወዲህ ዳር ካለው ትልቅ ዋንዛ ሥር ተቀምጦ ያየን ነበርና ጠራሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚያ ዓመት ጫካ የገቡትን አርበኞች ርብን የሚያሻግራቸው አያ ነበር። አላውቅም ነበር ብል እዋሻለሁ። ግማሹን አውቅ ነበር፤ ሌላውን ግማሽ እንዳላውቅ ፊቴን አዞር ነበር። ነጭ ድንጋዮቹ በዚያ ዓመት ዳር ላይ አልቆሙም። አገሬው መሻገሪያውን በልቡ ይዞታል፣ ጣሊያን ግን ምልክት ካላየ አያገኘውም። አንድ ጊዜ ወታደሮቹ በግምት ገብተው ሁለት በቅሎ ከነጭነቱ አስበልተው ተመልሰዋል። የአያም፣ የነዚያም ሰዎች ሕይወት በዚያ አለመታወቅ ላይ ነበር።

«አያ፣ እስቲ ውሃው ውስጥ ቁምልኝ፤ ፎቶ ላነሳህ ነው» አልኩት።

«የምታነሳው አንተ ነህ ወይስ ሰውዬህ?»

«እኔ ነኝ።» እውነቴን ነበር። መሐንዲሱ ወባው ተነስቶበት በካፖርቱ ተጠቅልሎ ሣሩ ላይ ተኝቷል።

«እንግዲያስ ላንተ ስል እቆማለሁ። ለሱ ቢሆን ጀርባዬንም አላሳየው» አለና ሱሪውን ሰብስቦ፣ ዘንጉን ይዞ ገባ።

የገባው ግን መሻገሪያው ላይ አልነበረም። ሠላሳ እርምጃ ያህል ወደ ላይ ሄዶ፣ ውሃው ውስጥ የተደበቀ አንድ ቋጥኝ አለ፣ እሱ ላይ ቆመ። ውሃው ወገቡ ድረስ ነው። ያንን ቋጥኝ ከኛ ቤት ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። ከሱ ላይ አንዲት እርምጃ ወደ ፊት የተራመደ ሰው ታች አይደርስም። ሆን ብሎ ነበር። ፎቶውን አይቶ በዚያ የሚሻገር ጣሊያን ቢኖር እግዜር ይሁነው።

እኔ ራሴን ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ቀብሬ በመስታወቱ ሳይ፣ የዋንዛው ጥላ ፊቱ ላይ ወድቋል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ጥላ አይምርም፤ ወንድሜ ፊት የሌለው ሰው ሆኖ ሊቀርብኝ ነው። መሻገሪያው ላይ ደግሞ ፀሐይ ሙሉ ነው፣ ውሃው ጠጠሩን እያሳየ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ፎቶ በሕይወቴ አላነሳሁም፤ ላነሳው ነው። ሌላ ነገር አላሰብኩም። ራሴን ከጨርቁ አውጥቼ ጮህኩ።

«አያ! ብርሃኑ አይመችም! ወደ መሻገሪያው ውረድ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጫኞቹ ሰሙ፣ አጃቢዎቹ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች ሰሙ፣ መሐንዲሱ ከካፖርቱ ውስጥ ራሱን ብቅ አደረገ። አያ ቆሞ አየኝ።  ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ አልተቆጣም። ከቋጥኙ ወርዶ ዳር ዳሩን መጣና መሻገሪያው መሀል ላይ ቆመ። ለምን እሺ እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዴ ከተጮኸ በኋላ እምቢ ቢል ይጠረጥሩኛል ብሎ ይሆናል። ወይም እኔን ደስ ይበለው ብሎ ነው። ይህ ሁለተኛው ነው የሚበላኝ። ዘንጉን ተመርኩዞ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ሳቀ። ውሃው ጉልበቱ ላይ ነበር። አነሳሁት።

በማግስቱ ጎጆዋ ውስጥ ገብቼ ፊልሙን አጠብኩ። ከመድኃኒቱ ውስጥ ሲመጣ ፊቱ ነጭ፣ ጥርሱ ጥቁር፣ ውሃው ጥቁር ሆኖ መጣ። ዋንዛው አለ፣ ማዶ ያለው ስንጥቅ ገደል አለ፣ በሁለቱ መካከል ወንድሜ ቆሟል። መሻገሪያውን ጭራሽ ለማያውቅ ሰው ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይሠራለትም። ያን ጊዜ ገባኝ። 

ብርድ ልብሱን ገለጥ ማድረግ ነበር የሚያስፈልገኝ። መድኃኒቱ ሳይጨርስ ብርሃን ካየ ፊልሙ ይቃጠላል፣ ያልቃል። መሐንዲሱ ይቆጣል፣ ምናልባት በጥፊ ይለኛል፣ ሌላ ምን? እጄ ብርድ ልብሱ ላይ ነበር። ግን ሲስቅ እያየሁት ነው። የኛ ቤት ሰው ፎቶ ተነስቶ አያውቅም፤ አባቴ መልኩ እንኳ ጠፍቶብኛል። ለእናቴ አሳያታለሁ አልኩ። ሥራዬም አምሮኛል፣ እሱንም ልናገር። እጄን ከብርድ ልብሱ ላይ አነሳሁ፤ ሳይቸግረኝ ጤፍ ተበደርኩ። ሁለት አተምኩ፤ አንዱን ለመሐንዲሱ ሰጠሁ፣ አንዱን ዳዊቴ ውስጥ ደበቅኩ። መሐንዲሱ ከጀርባው የወንዙን ስምና ጥልቀቱን በእርሳስ ጽፎ ወደ ቢሮ ላከው።

በገበያ ቀን አያን ፈልጌ አገኘሁትና ሁሉን ነገርኩት። ቦታህን ለውጥ፣ ተጠንቀቅ፣ አልኩት።  እሱ ሳቀ።

«ተው አትንቦቅቦቅ! ርብ ሁለት መስቀል አንድ ቦታ ተኝቶ አያውቅም። ክረምት ይምጣ፣ ጠጠሩን ይገለብጠዋል፣ መሻገሪያው ሌላ ቦታ ይሄዳል። ያንተ ፎቶ ያን ጊዜ ለማገዶም አይሆን።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ዘወር ብዬ እሻገራለሁ። አሁን እስቲ ንገረኝ፣ ጥርሴ ታይቷል?»

«ታይቷል።»

«በል ለእማ አሳያት፤ እኔ ስሞት ታየኛለች» አለና ጀርባዬን መትቶኝ ሄደ።

ያለው ልክ ነበር። አባታችንም አያታችንም ቢሆኑ ይህንኑ ነበር የሚሉት። ሌላ አገር ያለ ሰው በዚህ ላይ ሕይወቱን አይጥልም፤ የአሻጋሪ ልጅ ግን ርብ ቦታ እንደሚለውጥ ፀሐይ እንደምትወጣ ያህል ያምናል። እኔም አመንኩ። ክረምቱን ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሳይ ከረምኩ። ያ ክረምት ግን ምን ክረምት ነበር! ሐምሌ ጉምና ጭጋግ፣ ነሐሴ ካፊያ። ጉና ላይ ገብሱ በአጭሩ ቀረ። ርብ አንድ ቀን እንኳ ሞልቶ አልደፈረሰም። መስቀል ሲደርስ ጠጠሩ አምና በተኛበት ተኝቷል፣ መሻገሪያውም እዚያው ነው። አያም ሌላ ፈልጎ አላገኘምና ወደዚያው ተመለሰ።

ጥቅምት ላይ አንድ የጦር መኮንን ወደ መሐንዲሱ ድንኳን መጣ። በእጁ የያዘው ያንን ፎቶ ነበር። ጣቱን የአያ ጉልበት ላይ አድርጎ ሲናገር አየሁ። ቋንቋውን ባልሰማም ጣቱን ሰማሁት። አጥርታችሁ አትሙልኝ አለ መሰለኝ፣ መሐንዲሱ እኔን ላከኝ። ፀሐይ ላይ አቆይቼ አጥቁሬ አተምኩት፤ ውሃውም እግሩም አንድ ላይ ጨለመ። መኮንኑ አይቶ ወረወረው። መሐንዲሱ ቁጭ ብሎ እኔን አየኝ፣ ፎቶውን አየ፣ ውሃው ውስጥ የቆመውን ሰው አየ። የማን ወንድም እንደሆነ ያውቅ ነበር። «እኔ ድልድይ ብቻ» አለ በሰባራ አማርኛው። ከዚያ ራሱ ገብቶ አሳምሮ አተመው።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ለበቅሎ ሣር አመጣለሁ ብዬ ወጣሁ። ቁልቁለቱን እየወደቅኩ እየተነሳሁ ረፋድ ላይ ርብ ደረስኩ። ከወዲህ ዳር ሰው የለም። የኛ ቤት ማዶ ዳገቱ ላይ ነው፤ ጭሱ ይታየኛል። «አያ! አያ!» እያልኩ ጮህኩ፤ ውሃው ድምፄን አስቀረው። ያን ቀን የጮህኩት ጩኸት አምና ያስፈልግ ነበር፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ።

መሻገሪያውን አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ጉልበት ድረስ ነው፣ አርባ እርምጃ አይሞላም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ። ቀጠልኩ። ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ጠጠሩ ከእግሬ ሥር ሸሸት አለ፤ አባቴን ሲያወጡት ያየሁት ሁሉ ዓይኔ ላይ መጣ። ታች እንዳላይ ወሬ የሚያወራኝ የለም። ተመለስኩ። ማርያምን፣ ተመለስኩ። ሁለተኛም ገባሁ፣ ሁለተኛም ተመለስኩ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ዋንዛው ሥር ተቀምጬ አንድ የሚሻገር ሰው ብጠብቅ አንድ አልመጣም። ከዚያ ሣሬን አጭጄ ወደ ሠፈሩ ሄድኩ። የሰውዬው በቅሎ ሣር እንዳይቸግራት ያሰብኩላት ያህል!

በሦስተኛው ቀን ጣሊያኖቹ ዋንዛው ጀርባ መትረየስ አጠመዱ። ጎህ ሲቀድ አርበኞቹ ሲሻገሩ አያ ዘንጉን ይዞ ከፊት ነበር። መሀል ሲደርሱ ተኮሱ። የተረፉት እንደነገሩን ሲመታ አልወደቀም፤ ዘንጉን ተመርኩዞ ቆሞ፣ «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!» ይል ነበር። ሁለተኛው ጥይት ጣለው። ወታደሮቹ ሬሳ እንዳይነሳ ሦስት ቀን ወንዙን ጠበቁ። በአራተኛው ቀን ሰው ሲወርድ ሌሎቹን አገኙ፣ እሱን ግን አጡት። ከመሻገሪያው ሥር ያለው ጥልቁ ውሃ ወስዶታል። ዘንጉ ብቻ ቁጥቋጦ ይዞት ቀርቷል።

ለለቅሶው ርብን አልተሻገርኩም፤ ማን ትከሻ ላይ ልወጣ? ወደ ላይ ሽቅብ ሄጄ፣ ጉና ሥር በአንድ እርምጃ ከሚታለፍበት ዞርኩ፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሬሳ ስለሌለ አልጋ ላይ ጋቢውንና ዘንጉን አድርገው ያለቅሱ ነበር። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። ፎቶው ዳዊቴ ውስጥ፣ ዳዊቱ ብብቴ ሥር ነው። አወጣዋለሁ ስል የአሻጋሪ ዘመዶቻችንን ፊት አያለሁ፤ እነሱ ፎቶውን አንድ ጊዜ ቢያዩ ሁሉን ያውቃሉ። አላወጣሁትም። ከሰው ጋር አብሬ አለቀስኩ፤ ለቅሶዬ ከማንም ይበልጥ ነበርና እናቴ እኔኑ ታባብለኝ ጀመር።

ጣሊያን ወጣ። መሐንዲሱ ሲሄድ አንዱን ካሜራ ጥሎልኝ ሄደ፤ ፊልሞቹን ግን በሣጥን አድርጎ ይዟቸው ሄደ። ዛሬ በማን ጓዳ እንዳሉ እግዜር ይወቅ። እኔ እናቴ ቤት ተመልሼ የጎረቤቱን ሁሉ ፎቶ አነሳ ጀመር። ሰዎች መልካቸውን አይተው ሲስቁ እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና ታያለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እንዲህ አለችኝ።

«ያገሩን ሰው ሁሉ መልክ ታወጣለህ። የወንድምህን የለህም? ከመሞቱ በፊት፣ ፎቶ አንስቶኛል፣ ያሳይሻል ብሎኝ ነበር። ዝም ብዬ ብጠብቅ አላሳየኸኝም።»

ለካ ነግሯታል። ስንት ዓመት ሙሉ ጠብቃኛለች። ዳዊቴን አውጥቼ ፎቶውን ሰጠኋት።

ወደ በሩ ወስዳ ለብርሃን ሰጠችው። መጀመሪያ ያወቀችው ዛፉን ነው። «ይቺ የኛ ዋንዛ አይደለችም?»

«ናት፣ እማ።»

ከዚያ ጣቷን ውሃው ላይ አደረገች። እናቴ የአሻጋሪ ሚስት፣ የአሻጋሪ እናት ናት፤ ፊደል ባትቆጥር ውሃ ታውቃለች። ጣቷ ውሃውን ይዞ ወርዶ ወርዶ እግሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ፊቱን ገና አላየችም።

«ውሃው ጉልበቱ ላይ ነው» አለች።

ጣቷ ከጉልበቱ ላይ አልተነሳም።

«መሻገሪያው ነው። ልጄ ለጣሊያን መሻገሪያ አያሳይም።»

«አያሳይም፣ እማ።»

«ታዲያ እዚህ ማን አቆመው?»

ብርሃኑ፣ ልላት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «እኔ ነኝ» አልኳት።

አልጮኸች፣ አልረገመችኝ። ያን ጊዜ ነው ቀና ብላ የልጇን ፊት ያየችው። ጥርሱን በጣቷ ዳሰሰችው። 

«አንተ ካቆምከው፣ አንተ አውጣው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ከውሃው አውጣልኝ። አባትህን አውጥተው ሰጥተውኛል፣ ቀብሬዋለሁ። ልጄን ደግሞ አንተ አውጥተህ ስጠኝ።»

የበግ ጠጉር የምትቆርጥበትን መቀስ አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠች።  ከራሱ ጀምሬ በትከሻው፣ በክንዱ፣ በዘንጉ፣ በወገቡ ዙሪያ ቆረጥኩ። ውሃው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከዚያ በታች ያለው ውሃ ውስጥ ነው፤ አይወጣም። ጉልበቱ ላይ ቆረጥኩት።

እናቴ የወጣላትን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቤተ ክርስቲያን ወሰደችው። ቄሱ፣ «እመት፣ ወረቀት እንዴት ይፈታል?» ቢሏት፣ «እርስዎ ጸሎቱን ያድርሱ፣ ልጄን እኔ አውቀዋለሁ» አለቻቸው። አባቴ አጠገብ ጉድጓድ አስቆፍራ ቀበረችው። አፈሩን እኔ መለስኩ።

የቀረው እኔ ዘንድ ነው፣ ዳዊቴ ውስጥ። ዋንዛው አለ፣ ገደሉ አለ፣ መሀሉ ላይ የሰው ቅርጽ ያለው ቀዳዳ አለ። ከቀዳዳው ሥር ርብ ውስጥ ሁለት እግር ቆሟል። ለዚያች ጠያቂ ልጅ ያላሳየኋት እሱን ብቻ ነው።